ለልጄ የሰፋሁት የጠመንጃ ትራስ

ሶፋ መሥራት ያስተማረኝ የለም። አሮጌ ሶፋ እየገዛሁ፣ እየበተንኩ፣ ያየሁትን መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። እዚህ ሐዋሳ ደንበኛ መቀመጫ የሚፈትነው በጡጫው ተጭኖ ነው፤ ከሰመጠ ጥሎ ይሄዳል። አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤቴ የሚሰምጥ መቀመጫ ወጥቶ አያውቅም። ልጆቼንም "ጎደሎ ሥራ ሌብነት ነው" እያልኩ አሳደግኳቸው። ላዩን ማሳመር ቀላል ነው፤ የማይታየውን ውስጡን የሚሞላ ግን እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው።

ትልቋ ልጄ ፖሊስ ናት። ጠመንጃ የምትይዝ ሴት ልጅ ትኖረኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም። የተኩስ ውድድር ቡድን ውስጥ ስትገባ ግን ፊቷ በራ። ባለፈው ክረምት ጥይቶቿ ኢላማው ላይ መበታተን ጀመሩ። አሠልጣኙም በሚቀጥለው ማጣሪያ ካልተሻላት ወደ በር ጥበቃ እንደሚመልሳት ነገራት። ይህን ለእናቷ ስታወራ ሰማሁ እንጂ ለእኔ አልነገረችኝም።

እኔን የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው። ከማጣሪያው በፊት ተኳሾቹ ጠመንጃውን አሸዋ በተሞላ ከረጢት ላይ አስደግፈው ማነጣጠሪያውን ያስተካክላሉ። የእነሱ ከረጢት ተቀዶ አሸዋው ይፈስሳል። አንድ ከፊት ለአፈሙዙ፣ አንድ ትንሽ ደግሞ ከኋላ፣ ትከሻ ላይ ለሚያርፈው ሰደፍ፣ ልሰፋላት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቤታችን ውስጥ የጠመንጃ ትራስ አልነው።

ቤት ከሚሠራ ጎረቤት አሸዋ ለምኜ በወንፊት ነፋሁ፤ ውሃው እስኪጠራ አጠብኩት። ሸራ ላይ ባሰጣሁት ቁጥር ዝናብ መጣ። እርጥብ አሸዋ ይጋግራል፣ ጨርቁንም ያሻግታል፤ ስለዚህ ሰማዩን እያየሁ ሸራውን ሳስገባና ሳስወጣ ሰነበትኩ። ውስጡን ከአቡጀዲ፣ ላዩን ከሶፋ ከተረፈ ቆዳ ሰፋሁ፤ ጠመንጃው እንዳይንሸራተት የቆዳውን ሻካራ ገጽ ወደ ውጭ አዞርኩት። ከዚያ አሸዋውን በዱላ እየጠቀጠቅሁ ሞላሁት። በጡጫዬ ስመታው እንደ በር ጮኸ። ደስ አለኝ።

ወስዳ ሞከረችው። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃት "ጥሩ ነው አባዬ፣ እጅዎ ይባረክ" አለችኝ፤ መሬት መሬት እያየች። ከዚያ በኋላ ምግብ ቀነሰች። እንቅልፍም እንደማይወስዳት ከእናቷ ሰማሁ። ፈተናው ያስጨነቃት መስሎኝ ጸሎት አበዛሁ።

በማጣሪያው ዋዜማ የቡድን ጓደኛዋ ቤታችን መጣች፤ ተጫዋች ልጅ ናት። ሻይ ስትጠጣ ስለ ትራሱ ጠየቅኋት። እውነቱን ልናገር፣ ምስጋና ፈልጌ ነው።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና" አለች፣ "ጠመንጃው እላዩ ላይ ሲቀመጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወጣች ዶሮ ነው የሚመስለው። በተኮሰች ቁጥር ይዘልላል።"

ልጄ በጠረጴዛው ሥር ጓደኛዋን ስትረግጣት አየሁ። እንግዳዋ ሳቋን ዋጠችና ብዙም ሳትቆይ ሄደች።

ለምን እንዳልነገረችኝ ልጄን ጠየቅኋት። ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ደግሜ ጠየቅኋት።

"አባዬ፣ ጎደሎ ይሥሩልኝ ብዬ እንዴት ልጠይቅዎት?"

ልጅን ለማቅናት ያስተማሩት ቃል አፏንም ሊዘጋ ይችላል፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጠመንጃ እንደ ሰው ደንበኛ አይደለም፤ ሰመጥ ብሎ ካልተኛ አያርፍም። ነገ የምትተኩሰው ደግሞ ጠዋት በዚህ ትራስ ላይ በምታስተካክለው ጠመንጃ ነው።

ምላጭ አንስቼ የትልቁን ትራስ ስፌት ቀደድኩ። አንድ የሶፋ ጣውላ እንደ ጠመንጃ ሆነልን፤ እሷ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ አንዱን ጫፍ ትራሱ ላይ፣ ሌላውን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች። ጥቂት አሸዋ ሳፋ ላይ አፈሰስኩና አየኋት። ገና ነው አለች። ጨመር አድርጌ አፈሰስኩ። እጄ እምቢ አለኝ።

"ይበቃል" አልኩ።

ዓይኗን ከጣውላው ሳትነቅል "አይበቃም። ያስወጡ" አለችኝ።

በቤቴ ልጅ አዞኝ አያውቅም። አስወጣሁ። ጣውላው ቀስ ብሎ ሰመጠና ተኛ፤ ስትገፋውም አልተወዛወዘም። ከትንሹም በዚያው ዓይነት ቀነስኩ፤ እሱን ግን ሳትሞክረው እራት ተጠራን። የከረጢቶቹን አፍ መልሼ ስሰፋ ሰነፍ ሰው ጀምሮ የተዋቸው መሰሉኝ፤ አፈርኩባቸው።

በማግስቱ ሥራ አልሠራሁም። ስልኩን የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጬ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ። ትራሱ ከልክ በላይ ጎድሎስ ቢሆን? ስፌቱ ቢፈታስ? ምሳ ቀርቦልኝ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። ማጣሪያውን አልፋለች፤ ካለፉት የመጨረሻዋ ሆና ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

"ግን አባዬ፣ የሰደፉ ትራስ አሁንም ጠንካራ ነው። ስመጣ እንቀንሰዋለን።"

እሺ አልኳትና ምላጩን ፈልጌ አወጣሁ።