ከዲስኩ ያጠፋሁት

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችን አዲሱ የኮምፒውተር መምህር ቢሮዬ ብቅ አለና፣ «እትዬ ወርቅያ፣ እነዚያ የቆዩት ማሽኖች ዊንዶውሱን መሸከም አቃታቸው። የመጫኛ ዲስኩን ከውስጡ እየቀነሱ ማቅለል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

ይቻላል አልኩት። ነገ አብረን እናየዋለን ብዬ ሸኘሁት እንጂ፣ ያን ዕለት ወንበሬ ላይ ተመልሼ ስቀመጥ ሥራ የሚባል ነገር አልያዝ አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወልድያ ዲፕሎማዬን ይዤ ላሊበላ እንደተመለስኩ፣ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር ጋሽ አያሌው በከፈቱት የጽሕፈትና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት ተቀጠርኩ። ጋሽ አያሌው ሆቴል ውስጥ ብዙ ዘመን የሠሩ፣ ሆደ ሰፊ ሲሆኑ፣ ከተቆጡ ግን የሚመልሳቸው አልነበረም። ቤቱ አንድ ፈረንጅ እንግዳ ካገሩ አሰባስቦ የላካቸው አምስት ያገለገሉ ማሽኖች ነበሩት።

የእኔ ዋና ሥራ የየኔታ ፈንታን መጽሐፍ መተየብ ነበር። የኔታ የገነተ ማርያም የቅኔ መምህር ነበሩ። ከገነተ ማርያም እስከ ሙጃ ያለውን ጋራ፣ ምንጭና ማሳ በእግራቸው እየዞሩ፣ የየቦታውን ስም ከነትርጉሙ ሰብስበዋል። ብዙው ስም ከጥንቱ አገውኛ የቀረ ነውና ፍቺውን የሚያውቁት ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እነሱም አንድ ባንድ አርፈዋል። በእርሳስ የተጻፈው ወረቀት ደብዝዟል፣ የየኔታንም ዐይን ሞራ ጋርዶታል። ወረቀቱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያነቡልኛል፣ እኔ እተይባለሁ። ሲደክማቸው ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ፈትተው ያካፍሉኛል። ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረን።

ማሽኖቹ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተንቀራፈፉ ሄዱ። አንዷ ገጽ እስክትከፈት የኔታ ውዳሴ ማርያም ደግመው ይጨርሳሉ። ጋሽ አያሌው በዚህ ተማርረው ካሳሁን የሚባል ሰው ከሙጃ አስመጡ። ካሳሁን ሬዲዮ ሲጠግን አድጎ ኮምፒውተርን በራሱ ጥረት የተማረ፣ ያኔ ሠላሳ ገደማ የሚሆነው ሰው ነበር። ሲጠይቁት እንኳ የሚመልሰው ከብዙ ዝምታ በኋላ ነበር። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አላምንም ነበር።

ማሽኖቹን መርምሮ፣ «ዲስኩ ነው የከበዳቸው፤ እናቅልለው» አለ።

የመጫኛ ዲስኩን እንዳለ ወደ አንዱ ማሽን ገለበጠና፣ በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ውስጡን ዘርዝሮ አሳየኝ። ላሊበላ ደርሰው የማያውቁ የማተሚያ ዓይነቶች፣ ጨዋታዎች፣ የሩቅ አገር ቋንቋዎች፣ ሥዕሎች። ምልክት የተደረገበት ሁሉ ከዲስኩ ይወጣል። ከዚያ የተረፈው በባዶ ሲዲ ላይ ይጻፋል። መጀመሪያ የጻፈው አልሠራም። ማሽኑ ተነሣና ኪቦርዱ አልታወቅ አለ፤ ለካ ከማይፈለገው ጋር የሚፈለግ ነገር አብሮ ወጥቶ ኖሯል። ካሳሁን ሲዲውን አውጥቶ፣ «ለምን እንደተቀመጠ ካላወቅሽ አትንኪው» አለኝ። እኔ አልነካሁም ነበር፤ ለራሱ የተናገረው ይመስለኛል። ቢሆንም ተቀየምኩት።

ከዚያ በኋላ እጁን መከታተል ያዝኩ። ያለንበት አገር እንዲህ ነው፤ ከየቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ወጣ፣ ብራና ተሸጠ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። መንገደኛ ቀረብ ብሎ ካየ ምን ፈልጎ ነው እንላለን። ካሳሁን ከዲስኩ የሚያወጣውን አሳይቶኛል፤ የሚጨምረውንስ? ስቀርብ ለምን ዝም ይላል? አንድ ቀን ጭራሽ የየኔታን መጽሐፍ በሲዲ ገልብጦ ቦርሳው ውስጥ ሲከት አየሁት።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ለክፉ ቀን» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

የማን ክፉ ቀን? ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ።

በማግሥቱ ለምሳ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ማሽኑ ላይ ያዘጋጀውን የዲስኩን ግልባጭ ከፍቼ ከዋናው ጋር አስተያየሁት። በዋናው ላይ የሌለ አንድ ማኅደር አገኘሁ። ውስጡ በአራት በአራት የላቲን ፊደል የተሰየሙ፣ የማላውቃቸው ፋይሎች ተደርድረዋል። ይሄው፣ አልኩ ለራሴ፤ የኛን ሥራ እየሰለለ ወደ ውጭ የሚልክ ነገር ነው። ማንንም ሳልጠይቅ አጠፋሁት። ሌባ በር ላይ የመለስኩ ያህል ኮራሁ፤ የተረፈኝን ሽሮ እስክጨርስ ፈገግታዬ አልለቀቀኝም።

ካሳሁን ተመልሶ ዲስኩን ጻፈ፤ በመጀመሪያም መጽሐፉ ያለበትን ማሽን አጥፍቶ ጫነ። ዱሮ ከሰዓት በላይ የሚፈጀው ሩብ ሰዓት እንኳ አልሞላውም። ማሽኑ እንደ አዲስ ነቃ። ካሳሁን መጽሐፉን ከማጥፋቱ በፊት ካስቀመጠበት ፍላሽ መልሶ አስገባና የኔታን ጠርቶ ከፈተላቸው።

ገጹ ከላይ እስከ ታች ትናንሽ ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ነበር። ቀጣዩም እንደዚያው። አንድ ፊደል የለም።

የኔታ ወደ ማሽኑ መስታወት ተጠግተው፣ «ዐይኔ ነው ወይስ…» አሉ።

«መጽሐፉን ትናንት ሰርቆታል!» ብዬ ጮህኩ። «ገልብጦ ቦርሳው ውስጥ ሲከት አይቻለሁ!»

ሠልጣኞቹ ተነሡ፤ መንገደኛው በር ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ አያሌው የካሳሁንን ቦርሳ ነጥቀው ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። መበየጃ፣ መፍቻ፣ አንድ ሸሚዝ፣ በወረቀት የተጠቀለለ በሶ፤ በመጨረሻም ሲዲው ወጣ።

«ጽሑፉ አለ» አለ ካሳሁን። «የጠፋው ፊደሉ ነው። አንድ አፍታ ፍቀዱልኝ፣ እመልሰዋለሁ።»

«የቀረውን ደግሞ ልታጠፋ?» አሉ ጋሽ አያሌው። «ውጣልኝ!»

ካሳሁን ዕቃውን ከመሬት እየለቀመ ወደ ቦርሳው መለሰ። ከመውጣቱ በፊት አየኝ። ያጠፋሁት ማኅደር እዚያው ቆሜ ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ግን በእኔ ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ ማስረጃ አድርጌ ነው የቆጠርኩት።

ጋሽ አያሌው ሲዲውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። የኔታ ግን በየቀኑ መምጣታቸውን አልተዉም። መጥተው ማሽኑ ፊት ይቀመጣሉ፣ ቆሎ አይበሉም፣ አያወሩም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ቀን ብቻ፣ «ወርቅያ፣ ከዚያ ሰው የወሰዳችሁት ነገር ውስጡ ምን አለ?» አሉኝ።

«አላየነውም፣ የኔታ።»

«ሳታዩት መሰከርሽ?»

ቁልፉን ከጋሽ አያሌው ለመንኩና ሲዲውን ከፈትኩ። መጽሐፉ አለ። ከጎኑ ያ እኔ ያጠፋሁት ማኅደር አለ፤ እነዚያው ባለ አራት ፊደል ስሞች። ከሥሩ በላቲን ፊደል በአማርኛ የተጻፈች አጭር ማስታወሻ ነበረች። «ወርቅያ፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ መጽሐፉ ሣጥን ሣጥን ቢሆንብሽ እነዚህን የግዕዝ ፊደላት ጫኚ። ይህ ሲዲ የየኔታ ነው፤ ቤታቸው ያስቀምጡት» ትላለች።

ፊደላቱን ጫንኩ። የመጀመሪያው ገጽ ተሞላ፤ ሁለተኛውም። ባዶ የነበረው ሁሉ ጋራ፣ ምንጭና ማሳ ሆኖ ተመለሰ። እያለቀስኩ ያደረግሁትን ለየኔታና ለጋሽ አያሌው ነገርኳቸው። ጋሽ አያሌው ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ።

የኔታ ጥቂት ገጽ ካስነበቡኝ በኋላ፣ «መጽሐፉ ተገኘ» አሉ። «ሰውየውስ?»

በሙጃ ገበያ ቀን፣ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ታኅሣሥ ነበር፤ የደጋው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ በየአውድማው ገብስ ይወቃል። ካሳሁን ከእህል ተራው ጀርባ፣ ሸራ ሥር ሬዲዮ ፈትቶ አገኘሁት። ሲያየኝ አልደነገጠም።

«መጽሐፉ ተከፈተ?» አለ መጀመሪያ።

«ተከፍቷል። ፊደሉን ከዲስኩ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ጠርጥሬህ ነው ያጠፋሁት።»

ብሎኑን ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ሳትሆኚ አትቀሪም ብዬ ነበር» አለ። «እኔ ስወጣ ከማሽኑ ጋር የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን አልተናገርክም?»

«አላየሁማ» አለ። «ያላየሁትን በምን አፌ እናገራለሁ?»

ጋሽ አያሌው ይቅርታ ጠይቀው ተመለስ እንዳሉት ነገርኩት። አይሆንም አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ተነሥቶ ወደ መናኸሪያው ጠቆመኝና፣ «ይፍጠኑ፤ መኪናው እንዳያመልጥዎ» አለኝ። በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ፣ እስከዚያች ሰዓት አንቺ ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አክብሮት ሰውን ከበር ውጭ እንደሚያቆም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

መጽሐፉ የኔታ ሳያርፉ ታትሞ፣ ሽፋኑን በጣታቸው ዳሰውታል። እውነቱን ለሠልጣኞቹ ሁሉ ተናግሬያለሁ። በር ላይ ቆሞ ቦርሳው ሲዘረገፍ ያየውን መንገደኛ ግን ከየት ላምጣው? ከነዚያ ሰዎች ስንቱ ዛሬም ካሳሁንን ሌባ ብሎ እንደሚያስታውስ አላውቅም። ሁለታችንም ጠርጥረን ነበር፤ የእሱ ጥርጣሬ ልክ ነበር፣ የእኔ ስሕተት። የሚለየን ግን ይህ አይደለም። እኔ ልክ ብሆን ኖሮ እንኳ፣ ሳላይ መናገሬ ያው ነበር።

ካሳሁን ለገና ላሊበላ ይመጣል። ከተገናኘን ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፤ ልጆቼን በስማቸው ይጠይቃል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቃል። ከሙጃው ቀን ወዲህ ግን አንቺ ብሎኝ አያውቅም።