ከፕሮግራሙ የጣልኳት ልጅ

ከዳንግላ የሒሳብ መምህርነት ወደ ዞን ትምህርት መምሪያ ባለሙያነት ተዛውሬ እንጅባራ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የቡድን መሪዬ አቶ ዓለሙ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንገዳገድ ወንበርና አንድ ክምር ቅጽ አስረከቡኝ። ሥራዬ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ተማሪዎች መለየትና የቅዳሜውን የማበልጸጊያ ፕሮግራም መገምገም ነበር። ቅጹን ከተከተልሽ አትሳሳቺም አሉኝ። አመንኳቸው። የእንጅባራ ብርድ አጥንቴ ድረስ ቢገባም ሹመት ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር።

የመለየቱ ሥራ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የክፍል ውጤት ይታያል፣ ቀጥሎ መምህሩ ቅጽ ይሞላል፣ በመጨረሻ ሦስት ባለሙያዎች ቃለ መጠይቅ እናደርጋለን። ለአንድ ጥያቄ የሚሰጠው ሠላሳ ሰከንድ ነው። ሰዓት ያዢዋ እኔ ነበርኩ፤ ጥብቅ በመሆኔም እኮራ ነበር። ሠላሳው ሲሞላ ዜሮ እጽፋለሁ። ጥያቄዎቹ ሲያልቁ «በቃ፣ ሂጂ» ብዬ ቀጣዩን እጠራለሁ።

እነዚያ ቅዳሜዎች ዛሬም ይናፍቁኛል። ልጆቹ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ተጠቅጥቀው ይመጣሉ። አንዱ በካርቶን ድልድይ ይሠራል፤ ሌላዋ መምህሯን በጥያቄ ታፋጥጣለች። ማታ አንድ ሉህ የቤት ሥራ ይዘው ይበተናሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል።

በስምንተኛው ዓመት ፕሮግራሙን ስገመግም፣ ከጥርባ የሚመጡ የአራት ልጆች የቤት ሥራ ከሁሉም በልጦ ተገኘ። ፕሮግራሙ ውጤታማ ነው ብዬ ሪፖርቴን ልዘጋ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ለሁሉም ልጆች ወረቀት አድዬ አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ ጥያቄ ሲከብዳችሁ ማንን ትጠይቃላችሁ? የመምህራን ስም ጠብቄ ነበር። አራቱም የጻፉት አንድ ስም ነው፤ ትርንጎ። ትርንጎ የምትባል ልጅ ደግሞ በፕሮግራሙ ውስጥ የለችም።

ከአራቱ አንዱን ጠርቼ ጠየቅሁት። ትርንጎ አብራቸው ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከጥድ ሥር ተቀምጠው ሉሁን ከእሷ ጋር ይሠራሉ፤ አልገባ ሲላቸው በአፍ መፍቻቸው በአዊኛ ታስረዳቸዋለች። ያለፈውን ዓመት ቅጽ አውጥቼ አየሁ። ቃለ መጠይቁ ላይ ወድቃለች። ዜሮዎቹ የእኔ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ብቻዬን ብሆንም ፊቴ ቀላ።

ጊዜ አልነበረም። የልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምልመላ በሁለት ሳምንት ይዘጋል፤ የሚላከውም የፕሮግራሙ ተማሪ ብቻ ነው። በማግሥቱ በባጃጅ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄጄ አስጠራኋት። በቃለ መጠይቁ ቀን ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየች። በዚህ ጊዜ ግን ጠበቅኋት።

«መልሱን በሁለት መንገድ አግኝቼው ነበር» አለች። «የትኛውን ልንገራቸው ብዬ ሳስብ እርስዎ ሰዓትዎን አዩና ወደሚቀጥለው አለፉ።»

ቃለ መጠይቁ ይደገምላት ስላቸው አቶ ዓለሙን ነገሩ አልጣማቸውም። የጸደቀ ቃለ ጉባኤ መክፈት መምሪያውን ማሳጣት ነው አሉ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን በስሜ እጽፋለሁ አልኳቸው።

«ነገ በግምገማ ይቺ ወረቀት ትመጣብሻለች።»

«ትምጣ» አልኩ።

ጽፌ ፈረምኩ። እሳቸውም እያጉረመረሙ ወረቀቱን ቃለ መጠይቅ ለምናደርገው የሦስት ባለሙያዎች ኮሚቴ መሩልኝ። ኮሚቴው ትርንጎን እንደገና ሲጠራት ሰዓቴን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጥያቄዎቹን ረጋ ብላ መለሰች፤ አንዱንማ በሦስት መንገድ። ስሟ ለልዩ ትምህርት ቤቱ ተላከ፤ ተቀበሏትም። ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነው።

በሳምንቱ፣ እኔ ሰዓት በያዝኩባቸው ዓመታት የወደቁትን ልጆች ሁሉ ቅጽ ልመለከት መዝገብ ቤት ገባሁ። ሠራተኛዋ ግራ ገባት።

«እትዬ፣ የምናስቀምጠው የተመረጡትን ነው» አለችኝ። «የወደቁት ቅጽ እኮ ዓመት ሲሞላው ይቃጠላል።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ካፈሰስኩት የለቀምኩት አንዷን ብቻ ነው። የሌሎቹን ስም እንኳ አላውቅም፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው አጭር ነው፤ የመለየት ዘዴ የሚገመገመው በወደቁት ልጆች ነው፤ ቅጻቸውን አታቃጥሉ።