የጋሼ ይማም ብዕርና የእኔ ቅናት

በአንዋር መስጊድ አጥር ሥር ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ሲጽፉ የኖሩት ጋሼ ይማም አሊ፣ ባለፈው ማክሰኞ የንጋት ሶላታቸውን ሰግደው ከምንጣፋቸው ሳይነሡ ዐርፈዋል። የዚያኑ ዕለት ከቀትር በኋላ ቀበርናቸው። ብዙዎቻችሁ እዚያ ስለ ነበራችሁ የቀብሩን ነገር ዘርዝሬ አልተርክም። በዚያ ሕዝብ መካከል ቆሜ ያሰብኩትን ግን አልደብቃችሁም። «እኔ ስሞት ይህን ያህል ሰው ይመጣ ይሆን?» አልኩ። ጀናዛቸው ከፊቴ ሳለ ቀናሁ። ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ጋሼ ይማምን ካወቅኋቸው ጀምሮ ስቀናባቸው ነው የኖርኩት።

ተካ እባላለሁ። በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ባጣሁ ጊዜ፣ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ተሸክሜ ወደ መስጊዱ አጥር መጣሁ። ጋሼ ይማም አግዳሚያቸውን ወደ ጎን ሳብ አደረጉና «ና ቁጭ በል፣ ጥላው ለሁለት ይበቃል» አሉኝ። እርሳቸው የተማሩት እስከ ስምንተኛ ነው። የሚጽፉትም በእጃቸው፣ በሰማያዊ ብዕር ነበር። መኪናዬን ያየ ሰው መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ግን ወደ እርሳቸው ይሄዳል።

የሚያለቅስ ሰው ሲመጣባቸው ብዕራቸውን አያነሡም፤ ዕንባው እስኪደርቅ ይጠብቁታል። ማንበብ ለማይችል ሰው የመርዶ ደብዳቤ ሲመጣ እዚያው መንገድ ላይ አያነቡለትም። ዕቃቸውን ሰብስበው እስከ ቤቱ ይሸኙትና ጎረቤት እንዲሰበሰብ አድርገው ያረዱታል። የዚያን ቀን ገበያቸው ቀረ ማለት ነው። «መርዶ ብቻውን የቆመ ሰው አይሰማም» ይሉ ነበር።

እትዬ ፋጡማ የሚባሉ፣ እህል በረንዳ ጤፍ በማንፈስ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታፍሶ የት እንደ ገባ ጠፋ። ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። እያንዳንዱ ገጽ የሞላ፣ አብዮቱን አወድሶ የሚጀምር፣ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብሎ የሚያበቃ ነበር። መልስ አልመጣም። በአራተኛው ወደ ጋሼ ይማም ዞሩ።

«ልጅሽ ሲወሰድ ምን ለብሶ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

«ሸሚዝ ብቻ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ይማም አራት መስመር ጻፉ። ልጁ ይፈታ አላሉም፣ የት ነው አላሉም። ብርድ ስለ ገባ እናቱ ሹራብ እንድታቀብለው ይፈቀድላት ብቻ ነበር ያሉት። በሳምንቱ ሹራቡን ይዘው እንዲቀርቡ የሚል ወረቀት መጣ። ለሞተ ሰው ሹራብ አይቀበሉም። እትዬ ፋጡማ መሬት ላይ ተደፍተው የጋሼ ይማምን ጉልበት ሳሙ፣ ሰፈሩ በእልልታ ተሞላ። እኔ የመኪናዬን ሪባን የምቀይር መስዬ አቀረቀርኩ። ልጁ በመገኘቱ ደስ አላለኝም። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

ሰው ሁሉ ሲሄድ «ጋሼ፣ ይህን ከማን ተማሩት?» አልኳቸው።

ያለ ማመንታት ከሣጥናቸው ሥር ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጡ። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረ የአንድ አሜሪካዊ የሀገር መሪ ደብዳቤዎች ናቸው። ግማሹ ለሹማምንትና ለመንግሥታት የጻፈው ነው፣ ግማሹ ለሚስቱ፣ ለልጆቹና ለወዳጆቹ። በወጣትነታቸው ተላላኪ ሆነው ያገለገሉት የውጭ ሀገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጣቸው ነበር። መዝገበ ቃላት ይዘው አንዱን ገጽ በሳምንት እያነበቡ ዓመታት አሳልፈዋል።

«ይህ ሰው ለሹም ሲጽፍ ቤቱን አይረሳም፣ ለቤቱ ሲጽፍ ሹመቱን አያነሣም» አሉኝ። «ደብዳቤ የሚነበበው በሰው ነው፣ ተካ። በወንበር አይደለም። ፈሪ ሹም ትልቅ ነገር ከጠየቅኸው እንቢ ይላል። እሺ ብሎ በሰላም ሊያድር የሚችልበትን ትንሽ ነገር ፈልግለት።» ከዚያ ቀጥለው «ከፈለግህ ከነገ ጀምሮ አብረን እናንብበው» አሉ።

ቢደብቁኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እንግሊዝኛ የተማርኩት እኔ፣ መጽሐፉን ያገኙት እርሳቸው። ይባስ ብሎ በቸርነት ያካፍሉኛል። ለሁለት ወር ያህል አብረን አነበብን። ቃላቱን እኔ እተረጉማለሁ፣ ትርጉሙ የሚገባው ግን ለእርሳቸው ነው።

አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ የስብሰባ ማስታወቂያ ሊያስጽፈኝ መጣ። የጋሼ ይማምን ሰልፍ እያየ «ጎረቤትህ ምን አስማት ቢኖረው ነው ሰው እንዲህ የሚጎርፍለት?» አለኝ።

«የአሜሪካ መጽሐፍ እያየ ነው የሚጽፈው» አልኩት።

ይህን ያህል ብቻ ነው ያልኩት። በዚያ ዘመን ግን ከበቂ በላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጥተው ጋሼ ይማምን ከነመጽሐፋቸው ወሰዷቸው። ሲሄዱ ዞር ብለው «ተካ፣ የጀመርኩትን የሴትዮዋን ደብዳቤ ጨርስላት» አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ስመኘው የነበረው ሰልፍ ነው። በዚያ ቀን ግን አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳልጨርስ መኪናዬን ሸፈንኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና ከፊቴ ተቀመጡ። «ተካዬ፣ የሱን ሙያ ያወቅህ አንተ ነህ ይላሉ። ለእሱም አንተው ጻፍልኝ» አሉኝ።

ወረቀት አስገባሁ። እንደ ልማዴ በአብዮቱ ጀመርኩ፣ አውጥቼ ቀደድኩት። ሁለተኛውንም ቀደድኩ። ከዚያ መኪናውን ገፋ አድርጌ «እትዬ፣ ጋሼ ሲሄዱ ምን ጎደላቸው?» አልኩ።

«መነጽሩን አልያዘም። ያለ መነጽር የሰው ፊት እንኳ አይለይም» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። እስኪበቃቸው ጠበቅኋቸው። ከዚያም ባለቤታቸው መነጽራቸውን እንድታቀብላቸው ይፈቀድላት ብዬ በእጄ ጻፍኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ እውነተኛው እርሱ ነበር። ተፈቀደላቸው። ጋሼ ይማምም ከአራት ወር በኋላ ተፈቱ። መጽሐፉ ግን አልተመለሰም።

ከስተው፣ በምርኩዝ ተደግፈው ወደ አግዳሚው ሲመለሱ ጥፋቴን ልናዘዝ አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«የመነጽሩን ማመልከቻ የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መርማሪው ጮክ ብሎ አነበበልኝ። በእውነት ቀናሁብህ» ብለው ሳቁ።

ስንት ዓመት በሆዴ የቀበርኩትን ቃል እንደ ቀልድ አወጡት። እኔ ግን ኑዛዜዬን ትቼ አግዳሚውን ጠረግሁላቸው። ከዚያ በኋላ ደርግ እስኪወድቅም፣ ከወደቀ በኋላም ጎን ለጎን ተቀምጠን ጻፍን፤ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም።

ከቀብራቸው በኋላ፣ በሰደቃው ቀን ለእትዬ ዘሀራ ተናዘዝኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ያውቅ ነበር» አሉ። «ያ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ፣ እሱ እስር ቤት ሳለ ነግሮታል። ሲፈታ ለእኔ ነገረኝ። ከዚያ ‹ለተካ እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው፣ ካፈረ መጻፉን ይተዋል› ብሎ አስማለኝ።»

ጋሼ ይማም፣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ሰው እንደ ነበሩ የሚያውቁዎት ሁሉ ያውቃሉ። የእኔ ቅናት ግን ዛሬም አልቀረም። ያን ያህል ዘመን ከጎኔ ተቀምጠው፣ እጄን እያዩ፣ ጥፋቴን እያወቁ፣ «ይህች ዐረፍተ ነገር አምራለች» ይሉኝ የነበረውን ትዕግሥት ከየት አመጡት? ያስተማሩኝን ሁሉ ሞክሬያለሁ፣ ይህን ግን አልቻልኩበትም። በድዬዎታለሁ፣ ጋሼ። በሕይወት ሳሉ ያቃተኝን ቃል ይኸው በሰው ሁሉ ፊት ጻፍኩት። ጌታዎ በጀነት ይቀበልዎት። ነገ ጠዋት እቀመጣለሁ፣ የሚያለቅስ ሰው ከመጣም ዕንባው እስኪደርቅ እጠብቀዋለሁ። ደኅና ይሁኑ።