ፀሐይ ስትበረታ የሚጮኸው ሬዲዮ

ከንፋስ መውጫ ማዶ ያለችውን ጉብታ ገብስ ለብሳ ሳያት ይደክመኛል። ሬዲዮ ሲጮህብኝ ለምን መጀመሪያ የቤቴን መብራትና ቻርጀር ሁሉ እንደምነቅል ልጆቼ ይጠይቁኛል። ነገሩ ከዚያች ጉብታ የመጣ ነው።

የሻምበላችን ምሽግ እዚያ ነበር፤ የመገናኛ ሬዲዮውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከፊታችን ሸንተረር ላይ ጠላትን ቀድመው የሚያዩ አምስት ቃፊሮች ከነሬዲዮአቸው ነበሩን። አለቃቸው የስማዳው አሥር አለቃ ደምሴ ነው። ጠዋት ሲወጡ አምስቱም ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ቻርጅ አድርገህ ጠብቀኝ። ማታ ለአባቴ እደውላለሁ» አለኝ ደምሴ።

ከሬዲዮው አጠገብ ካለው ሶላር ላይ ሰካኋቸው።

ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ሬዲዮው መንጫጫት ጀመረ። «ጠላት ሬዲዮውን እያፈነብን ነው፤ ሞገድ ቀይር!» አለ አዛዣችን። ስንታፈን ሁላችንም ወደ ሁለተኛው ሞገድ እንድንሻገር ተነጋግረን ነበር። ተሻገርን። እዚያም ያው ጩኸት። «ጠላት እዚህም ተከተለን» አልን። ቃፊሮቹ ዘንድ ግን ጩኸት አልነበረም። ስላልታፈኑ በመጀመሪያው ሞገድ ላይ ሆነው ሲጠሩን ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ ከሸንተረሩ ተኩስ ተሰማ። ከጉና የወረደ ጉም ፀሐይዋን ሸፈናት፤ ጩኸቱ ረገበ። ወደ መጀመሪያው ሞገድ መለስኩት።

«ከበቡን! እንውጣ ወይ? ኧረ መልሱልን!» የደምሴ ድምፅ ነው። ያለ ትእዛዝ ቦታ አይለቀቅም።

«ውጡ!» አልኩ። መልሱን ሳልሰማ ጉሙ ገለል አለ፤ ጩኸቱም ተመለሰ።

ጠላት ፀሐይ ጠብቆ አያፍንም። ዓይኔ ሶላሩ ላይ አረፈ። ገመዱን ነቀልኩት። የሬዲዮው ጩኸት ጭጭ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጣራሁ። የመለሰ የለም።

ወደ ማምሻው ሸንተረሩን መልሰን ያዝን። አምስት አስከሬን ቆጠርን።

የደምሴን ስልክ ስማዳ ወስጄ ለአባቱ ሰጠሁ። «ጠላት ሬዲዮውን አፍኖባችሁ ነው አሉ፣ ልጄ» አሉኝ። አዎ ማለት ይቀለኝ ነበር።

«አይደለም አባቴ። ያፈንነው እኛው ነን። ይህ ስልክ የተሰካበት ሶላር ነው ሬዲዮውን ያስጮኸው። የሰካሁትም እኔ ነኝ» አልኳቸው። አፈርኩ፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ስልኩን ብዙ አገላበጡት።

«ሞልቶ ነበር?» አሉ።

«ሞልቶ ነበር።»

«እንግዲያ ሊደውልልኝ ነበር» አሉኝ።