እናቴ የተሳለችው ብስክሌት

እናቴ ብስክሌቴን ለቤተ ክርስቲያን ተስላ እንደነበር የነገረችኝ ከጉዞ ገብቼ፣ ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ፣ ሽሮ እየበላሁ ሳለ ነው።

«ስለቴ ሰመረልኝ» አለች ፊቷ በርቶ።

እኔም እሰይ አልኩ። በእኛ ሰፈር ስለቱ የሰመረለት ሰው ሲገኝ ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ እሰይ ይባላል። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከዋጥኩ በኋላ «ምን ተስለሽ ነበር?» አልኳት።

«ሳይክሏን» አለችኝ፣ ወጥ እየጨመረችልኝ።

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለስኩት።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴና እኔ ብቻ ነን። ባል የለኝም፤ ለምን እንደሌለኝ ማወቅ የፈለገ ጎረቤቶቼን ይጠይቅ፣ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። በዚያ ዓመት፣ ገና ክረምቱ ሳይገባ፣ ዝናቡ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አራት ቀን የሚፈጅ የብስክሌት ጉዞ ሊደረግ ነው ተባለ። አስፋልት አይነካም። በእርሻ ድንበር፣ በገበያ መንገድ፣ በእግረኛ መንገድ እየተሄደ በደምበጫ በኩል ተዞሮ ማርቆስ ይገባል። ተከትሎ የሚሄድ መኪና የለም፤ ሁሉም ድንኳኑን፣ ስንቁንና መለዋወጫውን በራሱ ብስክሌት ላይ ጭኖ ይሄዳል፤ የደከመው ደግሞ ደክሞት የቆመበት ቦታ ላይ ያድራል። ይህን የሰማሁ ቀን ልቤ ዘለለ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆች ሳስተምር፣ አባቴን ሳስታምም፣ ቤት ስጠብቅ ኖሬ ለራሴ ብቻ የፈለግኩት ነገር ይኸው የመጀመሪያው ነበር። ተመዘገብኩ።

ዝግጅቱ ቀላል አልነበረም። ለብስክሌት የሚሆን የጭነት ቦርሳ ማርቆስ ገበያ ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ ለሸራ ሰፊ እያሳየሁ አሰፋሁ። የመጀመሪያው ቦርሳ ፔዳል በረገጥኩ ቁጥር ጉልበቴን ይመታኛል። ሁለተኛው ከኋላ ጎማ ጋር እየተፋተገ ተቀደደ። ሦስተኛው ሲሆንልኝ ሰፊው ከእኔ በላይ ተደሰተ። በሶውን አስፈጭቼ በትንንሽ ላስቲክ አሸግኩ፤ የውስጥ ጎማ በዓይኔ ሳላይ በእጄ ዳብሼ መቀየር ተማርኩ። ጠዋት ጠዋት ከክፍለ ጊዜዬ በፊት ቦርሳዎቹን ድንጋይ ሞልቼ ዳገት እወጣለሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሴትዮ አስቁማኝ ቦርሳውን ከፈት አድርጋ አየችና «ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ? ምነው መኪና ብትከራዪ?» አለችኝ።

እናቴ ግን አትሂጂ ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ እንጣላ ነበር፤ ተጣልተንም እንታረቅ ነበር። እሷ ዝም ብላ ታየኛለች። የእናቴ ዝምታ ከሌላ ሰው ስድብ ይብሳል።

የመጨረሻው ሙከራ በመስከረም ማለቂያ ነበር። ብስክሌቷን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ደብረ ወርቅ ወረድኩ፤ ከዚያ በእግር መንገድ እስከ ዲማ ነድቼ፣ አንድ ሌሊት አድሬ፣ በማግሥቱ ልመለስ ነበር። ዝናቡ የወጣ መስሎኝ ነበር። አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ያወርደው ጀመር፤ ጥቁሩ አፈር ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ብስክሌቷ አልሄድ አለች። እንድትሸከመኝ ይዣት የወጣሁት እኔ ተሸከምኳት። ስልኬ ውኃ ገብቶበት ጠፋ። ደግነቱ አንድ ገበሬና ሚስቱ አይተውኝ ቤታቸው አስገቡኝ፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ስላለ ሁለት ሌሊት አሳደሩኝ። እኔ እሳት ዳር ተቀምጬ እሸት በቆሎ ስጠብስ፣ እናቴ ማርቆስ ውስጥ ወንዝ ወስዷታል ብላ አልቅሳልኝ ነበር። ያኔ ነው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተደፍታ «እመቤቴ፣ ልጄን በሕይወት ካመጣሽልኝ ሳይክሏን አስገባለሁ» ያለችው።

እኔም መጣሁ። በእግሬ መጥቼ ብስክሌቴን አስወሰድኩ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ተናድጄ የተናገርኩትን ሁሉ ባልጽፈው ይሻላል። በደመወዜ የገዛኋት ናት አልኳት። ያንቺ ያልሆነን ሀብት እንዴት ትሳያለሽ አልኳት። ጥላና ጧፍ በሚገባበት ቤት ብስክሌት ምን ይሠራል፣ ዲያቆኑ ነው የሚነዳው ወይስ ቄሱ አልኳት። እናቴ ሁሉንም ሰማችና አንድ ነገር ብቻ መለሰች፦

«ቃሌን ከበላሁ መቅሰፍቱ በእኔ አይደለም የሚመጣው። ባንቺ ነው።»

እኔ ያን ያህል አጥባቂ አይደለሁም፤ ብስክሌቴን ይዤ በጉዞው ቀን ውልቅ ብል የሚያግደኝ የለም። እሷ ግን አራቱንም ቀን፣ ቃሏን በመብላቷ ልጇ ገደል እንደምትገባ ከልቧ እያመነች ልትቀመጥ ነው። ያን እያወቅኩ ፔዳል መርገጥ አልችልም። ብስክሌቷን ከሰጠሁ ደግሞ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም፤ ጉዞው ቀረ ማለት ነው። በዚህ መሃል ተቀረቀርኩ፤ ሳምንቱን ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

እሁድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆመች። «ስለት አይውልም አያድርም» አለች።

ሄድን። እኔ ብስክሌቷን በመሪዋ ይዤ እየገፋሁ፣ እሷ ከጎኔ እየተራመደች፤ ከገበያ የመጣ በግ የምናስገባ ነበር የምንመስለው። የሚያውቁኝ ተማሪዎች «ቲቸር፣ ጎማው ተነፈሰ?» ይሉኛል። የእናቴን እጅ ሳየው የነጠላዋን ጫፍ ይጠመዝዛል። ያኔ ነው እሷም ደስ ብሏት እየሄደች እንዳልሆነ የገባኝ፤ ሆኖም ንዴቴ አልበረደም።

ቅዳሴ እንዳለቀ ቄሰ ገበዙን ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። የደብሩን ንብረት የሚጠብቁ፣ ስለት የሚረከቡ እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ የተማሩ ሽማግሌ ስለሆኑ ደህና አደራችሁ ሲሉ እንኳ ሰው ወርቁን ይፈልጋል።

«አባታችን፣ ስለት ይዤ መጥቻለሁ» አለች እናቴ።

ቄሰ ገበዙ ተነሥተው ብስክሌቷን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ደወሏን በጣታቸው ነካ አደረጓት፤ ጮኸች። ፈገግ አሉ።

«የማን ናት?»

«የልጄ።»

«የተሳለሽውስ ማን ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ትወጃታለሽ?»

«ልጄን?»

«ሳይክሏን ነው የምልሽ።»

እናቴ ብዙ ነገር ትችላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆማ መዋሸት ግን አትችልም። «ዓይኗን ላየው አልወድም!» አለች። «ይቺ ብረት ከቤቴ ከገባች ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የዚያን ቀን ልጄን ስለምን… በዚያው ይቺም ትውጣልኝ አልኩ። በአንድ መንገድ ሁለት ጉዳይ ብዬ ነው፣ አባታችን።» እንዲህ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የሒሳብ አስተማሪ አይደለሽ?»

«ነኝ፣ አባታችን።»

«ብስክሌት ከሚለው ላይ ብን ቀንሺ። ክንም ቀንሺ። ምን ቀረሽ?»

ፊደሎቹን በልቤ ቀነስኩ። «ስሌት» አልኩ።

«ስሌት!» አሉ መቋሚያቸውን መሬት እየነኩ። «ይኸ ስለት አይደለም፣ ስሌት ነው። እናትሽ የተሳለችው ሳይሆን ያሰላችው ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እናቴም ሳትወድ በነጠላዋ ውስጥ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «መቅሰፍቱስ?» አለች ቀስ ብላ።

እሳቸውም መሳቁን ተዉት። «ስሚኝ» አሉ። «ለእመቤታችን የሚሰጡት የሚወዱትን ነው። የጠሉትን ከቤት ማውጣትማ ቤት መጥረግ ነው። የምትወጂውን አምጪልኝ።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «የምወደውማ ይቺው ናት» አለች።

«እሷንማ ለምነሽ ተሰጠችሽ። የሰጡሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ። ጧፍ አብሪና አመስግነሽ ሂጂ፤ መቅሰፍት የለም፤ ነገሩ በእኔ ይሁን።» መስቀላቸውን አወጡ። እናቴ ጎንበስ ብላ «ይፍቱኝ» አለች፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት።

እፎይ! ያን ጊዜ የተነፈስኩትን ትንፋሽ የዓመቱን ዳገት ሁሉ ወጥቼ አልተነፈስኩትም። ብስክሌቴ ስለተመለሰችልኝ ብቻ አይደለም። እናቴ ጧፏን ስታበራ ዓይኔን ከእጇ ላይ አላነሳሁም፤ የነጠላዋን ጫፍ ለቆት ነበር።

ግቢውን ስንወጣ «አልዋሽሽም፣ አሁንም አልወዳትም» አለችኝ።

«እሺ።»

«አራት ቀን ነው ያልሽው?»

«አራት ቀን ነው።»

«ስልክሽን ታዲያ በፌስታል ጠቅልዪው።»

ስለ ጉዞው አንድ ነገር ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ ብሎኝ በሁለት ፌስታል እጠቀልለዋለሁ አልኳት። ከደብሩ በታች ቁልቁለት አለ፤ እሱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«በይ ውጪባትና ንጂያት።»

«አብረን እንሄዳለን፣ እማ።»

«እኔ እግር አለኝ። ሂጂ፣ ልይሽ።»

እናቴ ስነዳ አይታኝ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ስወጣ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሴን ሰብሰብ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ወጣሁና ለቀቅኳት። ነፋሱ ይሁን ሌላ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከኋላዬ የእናቴ ድምፅ ተከተለኝ፤ «ፍሬኑን! ኧረ ፍሬኑን ያዢ!» ትላለች። መንገድ ዳር የቆሙት ባለባጃጆች ይስቃሉ። ቁልቁለቱ ፍሬን የሚያስይዝ አልነበረም። ያዝኩላት።