ከዘይነባ አባት ጋር ባሕር ላይ የዋልኩበት ቀን

ባሕር የወጣሁት ዓሣ ወድጄ አይደለም። ደብረ ሲና ተራራ ላይ ያደገ ሰው ከዓሣ ጋር ምን ትውውቅ አለው? የሄድኩት የዘይነባን አባት ላናግር ነው።

ዘይነባና እኔ ልንጋባ ከተስማማን ዓመት አልፎናል። እሷ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ፓሳዴና አንድ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት፤ እኔ ዳውንታውን፣ መሐል ከተማው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራለሁ። እሷ የደሴ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። አባቷ ጋሼ እንድሪስ በሱዳን በኩል ወጥተው እሷ ዘንድ ከመጡ ስምንት ወራቸው ነው፤ ከፌርፋክስ ጎዳና ገባ ብላ በተከራየቻት ባለ አንድ መኝታ ቤት አብረው ይኖራሉ። እኔን የሚያውቁኝ መኪና ያለው ጓደኛዋ ተብዬ ነው። ገበያም ክሊኒክም ወስጃቸዋለሁ፤ ቤታቸው ገብቼ ምሳ በልቻለሁ። ስሜ ደረጀ ነው። ወሎ ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ እስላምም ክርስቲያንም ስላለ ከስሜ የሚገምቱት ነገር የለም። እኛም አልነገርናቸውም።

"ያለ አባቴ ምርቃት አላገባም" ብላኛለች ዘይነባ ቁርጡን። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ ሳልጨርስ ቀረሁ። አንዴ ለሶላት ተነሡብኝ፤ አንዴ ደግሞ እኔው ሰበብ ፈጥሬ ተነሣሁ።

ጋሼ እንድሪስ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደሴ አሰብ ተሳቢ የነዱ ሹፌር ናቸው። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ብዙ አይናገሩም። አንድ ቀን ግን አሰብ ላይ ጭነት እየጠበቁ ከአፋሮች ጋር ዓሣ ሲያጠምዱ መዋላቸውን ሲያወሩ ፊታቸው በራ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሳን ፔድሮ ወደብ የሚነሣ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ምሳ ያለበት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ እንዳለ ነገረኝ። ለሰው ሃያ ሁለት ዶላር ነው፤ የማጥመጃ ዘንግ መከራየት ለሚፈልግ አምስት ዶላር ይጨምራል።

"መሐል ባሕር ላይ ሰው ተነሥቶ አይሄድም" አልኳት ለዘይነባ።

"አንተም ሰበብ ፈጥረህ አትወጣም" አለችኝ።

ንጋት ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ሰኔ ነው። በሰኔ ሎስ አንጀለስ ጠዋት ጠዋት ደመና ተከናንባ ነው የምትነሣው፤ ፀሐይ የምትታየው ረፋዱ ላይ ነው። ብርዱ ጠቀመኝ። አንገቱ እስከ አገጬ የሚደርስ ሹራብ ለበስኩና ማተቤን ከሥሩ ደበቅኩት። ልፈታውም አስቤ ነበር፤ እጄ ቋጠሮው ላይ ደርሶ ተመለሰ። መደበቁ ግን ያን ጊዜ ብልኅነት መስሎኝ ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከፊት ተቀመጡ፤ ዘይነባ ከኋላ ገባች። ሐርበር ፍሪዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ደቡብ ወረድን። ኢንግልዉድን በስተቀኝ ትተን ስናልፍ አውሮፕላኖች ከደመናው ሆድ እየወጡ ለማረፍ ሲወርዱ ይታያሉ። ጋሼ እንድሪስ ግን ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው።

"ፍሬን ታበዛለህ" አሉኝ። "በማርሽ ያዘው እንጂ።"

"ጋሼ፣ ይቺ አውቶማቲክ ናት። ማርሹን ራሷ ነው የምትቀይረው።"

"እንግዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ዘይነባ ከኋላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን እስከ ወደቡ ድረስ አልለቀቀኝም።

ወደቡ ላይ

ሳን ፔድሮ ናፍጣና የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል። መኪናዋን ፓርክ አድርጌ ስመለስ ጋሼ እንድሪስ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ሽታውን በደንብ ይስቡ ነበር። ጀልባዋ ሰማያዊ ናት፣ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። ከእኛ ሌላ ስድስት ሰዎች ነበሩ፦ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ከሚስቱ ጋር፣ ሁለት ኮርያውያን ወንድማማቾች፣ ቀኑን ሙሉ ቃል ያልተነፈሱ አባትና ልጅ። ካፒቴኑ ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ምግብ የምታበስለው ሮሳ የምትባል ሜክሲኳዊት ናት።

ከመሳፈራችን በፊት የምንፈርምበት ወረቀት ሰጡን።

"ምን ይላል?" አሉ ጋሼ እንድሪስ።

"አደጋ ደርሶ ብንሞት እንዳንከሳቸው ነው፣ አባዬ" አለች ዘይነባ።

"ከሞትን በኋላ ማናችን ነን የምንከሰው?" አሉና በአረብኛ ፊደል ፈረሙ።

አንድ ሰዓት አልፎ ወደብ ለቀቅን። ከወደቡ አፍ ላይ በውሃ የምትዋልል ቀይ የብረት ምልክት አለች፤ ጫፏ ላይ ሦስት የባሕር አንበሶች ተደራርበው ተኝተዋል። አንዱ ጀልባችንን ሲያይ ጮኸ፤ ሌሎቹ ዓይናቸውንም አልገለጡ። ከዚያ ወዲያ ወደቡን ከማዕበል የሚከልለው የድንጋይ ግንብ አለቀና እውነተኛው ባሕር መጣ። ካታሊና ደሴት ወዴት እንደሆነች ካፒቴኑ በጣቱ አሳየን፤ በጭጋጉ ምንም አይታይም።

ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ

ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ደኅና ነበርኩ። ካፒቴኑ ዓሣ አለ ያለበት ቦታ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና ጀልባዋ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ትወዛወዝ ጀመር። ወዲያው አፌ በምራቅ ተሞላ። ዘንጌን ዘይነባ እጅ ላይ ጥዬ ወደ ኋላ ሮጥኩ፤ ጠርዙን ይዤ የበላሁትንም ያልበላሁትንም ለባሕሩ ሰጠሁ።

አንድ እጅ ከኋላ ቀበቶዬን ጨምድዶ ያዘ። ጋሼ እንድሪስ ናቸው።

"ውሃውን አትይ" አሉኝ። "ሩቅ፣ ሩቁን ተመልከት። አይዞህ፣ ባሕር ያላስመለሰው ሹፌር አሰብ አልደረሰም።"

ትንፋሽ አጠረኝ። አየር እንዳገኝ ብለው ሹራቤን ከአንገቴ ወደ ታች ሳቡልኝ። እጃቸው እዚያው ላይ ቆመ። ጥቁሯ ክር ከጣታቸው ሥር ነበረች። ዞሬ ላያቸው አልደፈርኩም። ከዚያ ሹራቡን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱትና እስከ አገጬ ሸፈኑልኝ። ሄደው ከሮሳ ግማሽ ሎሚ ይዘውልኝ መጡ።

"ይኼን አሽትት" አሉኝና ወደ ማጥመጃቸው ተመለሱ።

ዘይነባ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"አይተውታል" አልኳት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቷ ተለዋወጠ። "ምን አለ?"

"ምንም። ሎሚ ሰጡኝ።"

ሁለታችንም ጀርባቸውን እያየን ተቀመጥን። ዘንግ አልፈለጉም ነበር። ካፒቴኑን ክር ብቻ ጠይቀው፣ ጫፉ ላይ ክሩን የሚያሰጥም እርሳስና መንጠቆ አስረው፣ ሕያው ትንሽ ዓሣ ሰክተው በእጃቸው ነው የሚያጠምዱት። ክሩን በጠቋሚ ጣታቸው ላይ አሳልፈው የአንድን ሰው የልብ ምት እንደሚያዳምጥ ሐኪም ጸጥ ይላሉ። ድንገት ክንዳቸው ይነሣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀያይ፣ ዓይነ ፈጣጣ ዓሣዎች አወጡ። ኮርያውያኑ ወንድማማቾች የራሳቸውን ትተው ሊያዩ መጡ። አንደኛው አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ አሳያቸው፤ ጋሼ እንድሪስም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑ።

ምሳ

ስድስት ሰዓት ላይ ጭጋጉ ተገፈፈና ካታሊና ቡናማ ሆና ብቅ አለች። ባሕሩም ረጋ። ከቲኬቱ ጋር የተከፈለው ምሳ ሀምበርገር ነው። ጋሼ እንድሪስ እንደማይበሉ አውቃለሁ። ዘይነባን ጠሩና የያዙትን ዓሣ እንዲጠብሱ ሮሳን አስጠየቁ፤ ሮሳ ሳቀችና መጥበሻውን ለቀቀችላቸው። ዓሣዎቹን ራሳቸው ከፍተው፣ ጎናቸውን በቢላ ተልትለው፣ በጨው ጠበሷቸው። ዘይነባ በፎቶ ፊልም ቆርቆሮ ይዛው የመጣችውን ሚጥሚጣ ነሰነሱበት። ሽታው ሲወጣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት "ምንድን ነው እሱ?" ብላ ቀምሳ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደግማ ግን ጠየቀች።

ትሪውን ከእንጨት ሣጥን ላይ አስቀምጠው ጠሩኝ። "ና፣ ባዶ ሆድ ባሕር አይችልም።"

ሦስታችን ከበብነው። አጥንት የሌለበትን ጎን ወደኔ ገፉልኝ።

"አሰብ ላይ ጭነት እስኪደርሰን ሁለት ሳምንት የምንቀመጥበት ጊዜ ነበር" አሉ። "ሹፌሩ ገሚሱ እስላም፣ ገሚሱ ክርስቲያን ነው። ፍየል ሲታረድ ሁለት ቦታ እንበላለን። ዓሣ ሲሆን ግን ባራኪው ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁላችንም ባንድ ትሪ።"

እጄን ከትሪው አነሣሁ። "ጋሼ እንድሪስ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።"

"ነበር?"

"ልነግርዎት ነው። ዘይነባን ላገባት እፈልጋለሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ።"

ዓሣውን መፈልፈላቸውን አላቋረጡም። "እስላም ነኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

"የለም።"

"ክርስቲያን ነኝ ብለኸኝስ?"

"የለም።"

"ታዲያ አንገትህን ለምን ሸፈንከው?"

"ፈርቼ ነው።"

"ስማ" አሉኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "የእህቴ ባል ክርስቲያን ነው። እሷ ስትሞት ከኔ ጋር ያለቀሰው እሱ ነው። ሃይማኖትህ አይደለም ያስከፋኝ፤ እሱ ከባድ ነው፣ እንነጋገርበታለን። ያስከፋኝ ስምንት ወር ሙሉ ቤቴ እየገባህ መሸሸግህ ነው። ማተቡን የሚሸሽግ ሰው ነገ ልጄንም አይሸሽጋትም?"

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንቺስ?"

ዘይነባ አለቀሰች። "ተቀይመኸኝ ትሄዳለህ ብዬ ነው፣ አባዬ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘሁህ።"

"የት እሄዳለሁ?" አሉ። "የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ አላውቅ።" መዳፋቸው በዘይት ስለነበረ በክንዳቸው ራሷን ወደ ትከሻቸው ሳቡት። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ተቀመጡ። እኔ ተነሥቼ ሳህኖቹን ለሮሳ አጠብኩላት።

ከሰዓት በኋላ

ስመለስ ጋሼ እንድሪስ ክራቸውን አቀበሉኝ። "ያዝ። ዘንጉ ላንተ አልሆነም።"

ጣቴ ላይ አሳለፍኩት። መጀመሪያ የባሕሩን መተንፈስ ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ ከታች፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ ውሃ ውስጥ፣ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ነካ አደረገኝ። ሳብኩ። ክሩ መዳፌን እየቆረጠ ሮጠ።

"ልቀቅለት! ልቀቅለት!" አሉ ከኋላዬ።

አልለቀቅኩም። ክሩ ተበጠሰና በቂጤ ወደቅኩ። ጋሼ እንድሪስ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዘይነባ ዓይኗ ገና ቀይ እንደሆነ፣ አባቷ አሜሪካ ከገቡ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ወደ ወደብ ስንመለስ ሦስታችንም ጎን ለጎን አንድ አግዳሚ ላይ ነበርን።

"እናትህ አለች?" አሉኝ።

"ደብረ ሲና አለች።"

"ይኼን ነገር ታውቃለች?"

"አልጻፍኩላትም።"

"ከሷም ሸሽገሃል ማለት ነው።" "መጀመሪያ ለሷ ጻፍ። እኔ ብቻዬን እሺ ወይ እምቢ የምለው ነገር አይደለም። እሷም ልጅ አላት።"

ቤት

ፌርፋክስ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ከምሳው ከተረፈው ዘጠኝ ዓሣ አምስቱን ለጎረቤት አከፋፈሉ፤ ሁለቱን ለኔ በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ክፍሌ ገብቼ ጠረጴዛው ፊት ስቀመጥ ወንበሩ ገና ይወዛወዛል። መዳፌ በክሩ ተሰንጥቆ እስክሪብቶ ሲነካው ያቃጥላል። ራት ሳልበላ ለእናቴ ጻፍኩ። የዘይነባን ስም፣ የአባቷን ስም፣ ሃይማኖታቸውን፣ ሁሉንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አደረግኩት፤ ወደ መጨረሻው ብገፋው ድፍረቱ እንደሚከዳኝ አውቃለሁ።

ከዚያ ቀን የተማርኩት ይኼ ነው፦ እኔ የጋሼ እንድሪስን እምቢታ እየፈራሁ ስምንት ወር ስኖር፣ እሳቸውን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ሰውየውን ሳላውቃቸው በሳቸው ስም እኔው ራሴን እምቢ ስል ነበር የከረምኩት።

እናቴ መጻፍ ስለማትችል መልሷ በነሐሴ በካሴት ተቀድቶ መጣ። መጀመሪያ ለቅሶ ነው፤ ከዚያ ቆርቆሮ የሚመታ ዝናብ፤ ከዚያ ረጅም ወቀሳ። መጨረሻ ላይ "እኔ አልወደድኩትም፣ ልጄ። ግን ደብቆሽ አገባ ከምባል ይኼን መስማቱ ይሻለኛል። የልጅቷን አባት እንደ አባትህ አክብር፤ እግዚአብሔር ያውቃል" ትላለች።

ካሴቱን ይዤ ወደ ጋሼ እንድሪስ ሄድኩና አንዱንም ቃል ሳልዘል አሰማኋቸው። ሲያበቃ "መልሰው" አሉኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ከዚያ ቴፑን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

"እውነተኛ ሴት ናት" አሉ። "ሽማግሌዎችህን እሑድ ላካቸው።"