በዳበሳ

የዚህ መኪና ማስነሻ ሞተሪኖ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ነው የተደበቀው። ማኒፎልዱ ካልተፈታ አይገኝም፤ ጋራዡ ውስጥ ይህ ሥራ ሲመጣ የሁሉም ሽንት አብሮ ይመጣል። አዛውንቱ መካኒክ ግን «ለኔ ተዉት» ብለው ይሻማሉ።

ባለመኪናዋ ቆማ ታያቸዋለች። ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የኋለኛውን ቡሎን በጣታቸው ይፈልጋሉ። የስልኳን መብራት ልታበራላቸው ስትል፣

«ተይው ልጄ፤ እዚህ ታች ማንም ቢሆን የሚሠራው በዳበሳ ነው» አሏት።

ቡሎኑ እንደ ምንም እሺ አለ። ማኒፎልዱ ወጣ፣ ሞተሪኖው ተቀየረ፣ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ቁልፉ ሲዞር መኪናው ወዲያው ተነሳ።

«እጅዎ ይባረክ!» ብላ እጇን ዘረጋችላቸው። እሳቸውም ዘረጉ፤ ከእጇ ስንዝር ያህል አልፈው አየሩን ጨበጡ። ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ያን ቡሎን እንደፈለጉት፣ መፈለግ ጀመሩ።

እሷም እጇን ሳታንቀሳቅስ ጠበቀቻቸው።